ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣውን ደዌ በቁጥር ስለ መፈለግ



የቀድሞዎቹ ታላላቅ ደዌዎች መምጣታቸውን ሳያስታውቁ የሚመጡ አልነበሩም። ፈንጣጣ በሰው ፊት ላይ ማኅተሙን ያትም ነበር፤ ወባ ያንቀጠቅጣል፤ ተስቦም ገላን እንደ እሳት ያቃጥላል። ሕዝቡ ምልክቱን አይቶ በሽታውን በስሙ ይጠራዋል፤ ከጠንቁም ለመሸሽ ይሞክራል። በግልጥ የታወቀ ጠላት ነበረና ሐኪሙም ሕዝቡም መንግሥታቱም ተባብረው ሊዘምቱበት ቻሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር ገጽ ጠፋ ብሎ ለማወጅ የበቃው በዚህ ዘመቻ ነው።

ዛሬ በዚህች ወርኃዊ ጽሑፋችን የምናነሣው ግን ከእነዚህ የተለየውን፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚገባውን ጠላት ነው። በየለቅሶው ቤት እንዲህ ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። «ትናንት ደኅና ነበር፤ ራቱን በልቶ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫውቶ ተኛ፤ ሲነጋ ግን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ።» አንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሦስተኛው ድንገተኛ ሞት መጣበት ብሎ ያዝናል። ነገር ግን ሞቱ ድንገተኛ አልነበረም። ምስጥ ምሰሶን ከውስጥ እየበላ ቤቱ እስኪወድቅ ድረስ ከውጭ ምንም እንደማይታይ ሁሉ፣ የደም ግፊትም የዚያን ሰው የደም ሥሮች ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲጎዳ ኖሮአል። ድንገተኛ የሆነው የእኛ ማወቅ ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉትን ሕመሞች ሐኪሞች ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ይሏቸዋል። ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ የልብና የደም ሥር በሽታዎች፣ ነቀርሳ ወይም ካንሰር፣ የስኳር በሽታና ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል በሽታ ናቸው። በትንፋሽ፣ በውኃ ወይም በነፍሳት ንክሻ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ይሁን እንጂ ከተላላፊዎቹ ያነሰ ሰው አይገድሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ብቻ በእነዚህ በሽታዎች ምክንያት የሞተው የዓለም ሕዝብ ቢያንስ 43 ሚሊዮን ነው፤ ከዚህም ውስጥ 18 ሚሊዮኑ ሰባ ዓመት ሳይሞላው የሞተ ነው። ይህ የባለጸጎች አገር ጣጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቶአል። ይኸው ድርጅት በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ ከሚሞቱት መቶ ሰዎች ውስጥ 39ኙ የሚሞቱት በእነዚሁ በሽታዎች ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሕመምተኛው ራሱ ሳያውቀው፣ ጎረቤትም ሳያየው፣ ሐኪምም ሳይጠየቅበት የሚኖረውን ደዌ አገር እንዴት አድርጎ ሊያውቀው ይችላል? ሐኪም ቤት የመጡትን ብቻ ብንቆጥር ያልመጡትን አናውቅም፤ የሚያሠጉት ደግሞ ያልመጡት ናቸው። መልሱም የሐኪም ቤትን በር ከፍቶ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ሰዉ በር መሄድ ነው። በዚህ ወር የምንጽፍላችሁ ስለዚሁ፣ ማለትም ስለ አገር አቀፉ የቤት ለቤት ጥናት ነው።

*

ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣ አስቀድመን እንናገር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ የልብ ሕመም መንሥኤ ምን እንደ ሆነ ለመመርመር የተነሡ ሐኪሞች 5,209 ወንዶችንና ሴቶችን መዝግበው መከታተል ጀመሩ። የተመዘገቡት ሰዎች በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ደማቸው ይለካል፤ ሲጋራ ማጨስ አለማጨሳቸው ይጠየቃል፤ ከዚያም ማን እንደ ታመመና ማን በጤና እንደ ኖረ ይመዘገባል። በዚያ ዘመን የደም ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ጉዳትም የለውም ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። የፍራሚንግሃም መዝገብ ግን ሌላ ነገር መሰከረ። ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ በደማቸው ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባለው ቅባት የበዛና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በልብ ሕመም ተያዙ። ሐኪሞቹም በ1961 ባወጡት ጽሑፍ ለእነዚህ ነገሮች አንድ ስም ሰጡአቸው፤ እኛ ዛሬ አጋላጭ ምክንያቶች የምንላቸው እነዚህን ነው።

አጋላጭ ምክንያት ማለት ራሱ በሽታው አይደለም፤ ለበሽታው በር የሚከፍት ነገር ነው። ሲጋራ ያጨሰ ሁሉ ነቀርሳ አይይዘውም፤ በሩ የተከፈተ ቤት ሁሉ እንደማይዘረፍ ነው። ነገር ግን ሌሊቱን በሩን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ቢዘረፍ ማንም አይደነቅም። የዚህ ዕውቀት ትልቅ ጥቅሙ በሽታው ከመድረሱ በፊት ክፍቱ በር የትኛው እንደ ሆነ ማሳየቱ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ለዚህ ለዚህ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትም ይህንን መሠረት አድርጎ፣ ድኻው አገር ሳይቀር ሊሠራበት የሚችል፣ ደረጃ በደረጃ የሚከናወን የጥናት ሥርዓት አዘጋጀ። ሥርዓቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ሰው ይጠየቃል፤ በሁለተኛው ደረጃ ይለካል፤ በሦስተኛው ደረጃ ደሙ ይመረመራል። ከመቶ የሚበልጡ አገሮች በዚሁ ሥርዓት ሕዝባቸውን መርምረዋል። ሁሉም በአንድ ዓይነት መጠይቅና በአንድ ዓይነት መለኪያ ስለሚሠሩ የአንዱን አገር ውጤት ከሌላው ጋር፣ የአንዱንም ዘመን ከሌላው ዘመን ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

በአገራችን ቀደም ሲል በዚህ ሥርዓት በአዲስ አበባና በቡታጅራ የተደረጉ ጥናቶች ነበሩ። መላ አገሪቱን ያዳረሰው የመጀመሪያው ጥናት ግን በ2007 ዓ.ም.፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሪነት የተካሄደው ነው። በዚህም ጥናት ዕድሜአቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ከ9,800 የማያንሱ ሰዎች ተሳትፈዋል። እንዲሳተፉ ከታሰቡት መቶ ሰዎች ውስጥ 95 ያህሉ በፈቃዳቸው መልስ ሰጥተዋልና፣ ይህ ሕዝባችን እንግዳ ለመቀበል ያለውን ደግነት የሚያሳይ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን እንዲህ ብለው ይጠይቁናል። «ከመቶ ሚሊዮን ከማያንስ ሕዝብ መካከል ዐሥር ሺህ የማይሞላ ሰው ተጠይቆ ስለ አገሩ ሁሉ እንዴት ይነገራል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ባለሙያዋ እመቤት በማድ ቤትዋ በየቀኑ ትሠራበታለች። የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን በሙሉ አትጠጣም፤ በጭልፋ ጥቂት ቀምሳ ትፈርዳለች። ነገር ግን ሳታማስል ከላይ የቀዳች እንደ ሆነ ቅቤውን ብቻ ቀምሳ ትሳሳታለች። የጥናት ባለሙያዎችም ድስቱን ማማሰል የሚሉት ነገር አላቸው፤ ይኸውም ዕጣ ነው። ቀበሌው በዕጣ ይመረጣል፤ ከቀበሌው ውስጥ ቤቱ በዕጣ ይመረጣል፤ በቤቱም ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ ብቻ በዕጣ ይመረጣል። ጠያቂው የሚቀርበውን ቤት ወይም የሚያውቀውን ሰው ለመምረጥ ሥልጣን የለውም። ይህ ዕጣ ከተጣሰ ጥናቱ ሳያማስሉ እንደ ቀመሱት ወጥ ይሆናል።

*

እንግዲህ ሥራው በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚከናወን ለመረዳት አንድ ቤት በአሳባችን እንመልከት። ወራቱ የበልግ ወራት ነው እንበል። አንዲት የጥናት ሠራተኛ ሚዛንዋን፣ የቁመት መለኪያዋንና የደም ግፊት መለኪያዋን በቦርሳ ተሸክማ ከአንድ ገበሬ ደጃፍ ቆማለች።

«እንደምን ዋላችሁ፣ አባቴ?» ትላለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ደግሞ ምን ልትጽፉ መጣችሁ? ግብር ነው ወይስ መሬት?»

«ግብርም መሬትም አይደለም፣ አባቴ። ስለ ጤና ነው። የሰው ስም ለማንም አይነገርም፤ የምንፈልገው ቁጥሩን ነው። ካልፈለጉም እምቢ ማለት መብትዎ ነው።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ደስ ብሎአቸው በርጩማ ያቀርባሉ፤ ለመጠየቅም ይዘጋጃሉ። ዕጣው ግን የወጣው ለእርሳቸው ሳይሆን ለባለቤታቸው ነው። «እርስዋ ምን ታውቃለች? እኔን ጠይቂኝ እንጂ» ቢሉም፣ ሠራተኛይቱ በትሕትና «ዕጣው የወጣው ለእማማ ነውና እርሳቸውን መጠየቅ አለብኝ» ትላለች። እማማም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሳቸው ጤና፣ ስለ ምግባቸውና ስለ ድካማቸው በሥርዓት ይጠየቃሉ። ትንባሆ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ ጨው፣ ጎመንና ፍራፍሬ፣ በእግር መሄድ፣ ሸክም መሸከም፤ ሁሉም በየተራ ይጠየቃል።

ከዚያ በኋላ ልኬቱ ይደረጋል። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉት የምንፈልገው ነገር አለ። ደም ግፊት ተሯሩጦ እንደ መጣ የሚለካ አይደለም። ሴትዮዋ አስቀድመው ሩብ ሰዓት ያህል በጸጥታ ተቀምጠው ያርፋሉ፤ ክንዳቸውም በጠረጴዛ ወይም በሳጥን ላይ ይደገፋል። ከዚያም ሦስት ጊዜ ይለካሉ፤ በየመካከሉም ሦስት ደቂቃ ያህል ዕረፍት አለ። የመጀመሪያው ልኬት በፍርሃትና በእንግዳ ነገር ምክንያት ከፍ ሊል ስለሚችል አይታሰብም፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው አማካይ ይወሰዳል። ሁለተኛው 164 በ98፣ ሦስተኛው 160 በ96 ቢሆን፣ የእማማ ግፊት 162 በ97 ነው ይባላል። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነው ከፍ ያለ ተብሎ ይመዘገባልና፣ የእርሳቸው ከፍ ያለ ነው።

«ግን እኮ ምንም አያመኝም» ይላሉ እማማ። «ትናንት ከወንዝ ውኃ ቀድቻለሁ፤ ዛሬም እንጀራ ጋግሬአለሁ።»

የነገሩ ሁሉ ፍሬ ያለው በዚህ ቃል ውስጥ ነው። «ምንም አያመኝም» የሚለው ቃል ለፈንጣጣና ለወባ መልስ ይሆን ነበር፤ ለደም ግፊት ግን መልስ አይሆንም። ሠራተኛይቱም ውጤቱን በወረቀት ጽፋ ሰጥታ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ዳግመኛ እንዲለኩ ትመክራቸዋለች። በማግስቱም ጧት ቡናቸውንና ቁርሳቸውን ሳይቀምሱ ደማቸው ለስኳርና ለቅባት ይመረመራል። ሽማግሌው ባለቤታቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘው ሄዱ ወይስ ወረቀቱ በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተወትፎ ቀረ? መዝገቡ ይህን አይነግረንም። ለእማማ ግን ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው።

*

በ2007ቱ ጥናት የተገኘውን አሁን በአጭሩ እንግለጽ። ከተመረመሩት መቶ ሰዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኘባቸው። 6 ያህሉ የደማቸው ስኳር ከልክ በላይ ነበር። 4 ያህሉ ትንባሆ ያጨሱ ነበር፤ ከእነዚህም የሚበዙት ወንዶች ናቸው። 16 ያህሉ ጫት ይቅሙ ነበር። 41 ያህሉ ደግሞ ጥናቱ ከመደረጉ በፊት በነበሩት ሠላሳ ቀናት ውስጥ አልኮል ያለበትን መጠጥ ቀምሰዋል። ከመቶው 6 የሚሆኑት ክብደታቸው ለቁመታቸው ከሚገባው በላይ ነበር። በቀን ሊበላ የሚገባውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ የማይበሉት ግን ከመቶ ሰዎች ከ95 በላይ ናቸው።

ስለ ጨው የተገኘው ደግሞ ለማድ ቤት ሁሉ የሚነገር ነው። አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እኔ በገበታ ላይ ጨው አልጨምርም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ጨው በገበታችን ላይ የሚመጣው በግልጥ ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲመጠን ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ ዳግመኛ ይጨመራል፤ አዋዜው ደግሞ የራሱ አለው፤ ባንዳንድ አገርም ቡናው በጨው ይጠጣል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ግብር እንደ ከፈለ ሁሉ፣ እኛም ለአንድ ወጥ ሦስት ጊዜ ጨው እንከፍላለን። የበዛው ጨው በሰውነት ውስጥ ውኃ ይይዛል፤ ይህም በደም ሥር ውስጥ የሚሄደውን ያበዛዋል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። የደም ግፊት ሲበረታ ልብ ይደክማል፤ የኩላሊትና የዓይን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ በአንጎልም ውስጥ የደም ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነው። ከፍ ያለ ግፊት ከተገኘባቸው ሰዎች የሚበዙት ከዚያ ቀን በፊት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር፤ መድኃኒት የሚወስዱትም እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ሁሉ የደም ግፊት ካለባቸው ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ አያውቁትም። መለኪያው ግን ውድ አይደለም፤ መድኃኒቱም ከረጅም ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። የጎደለው ክንድን ዘርግቶ ለመለካት የሚወስደው ሩብ ሰዓት ነው።

*

ስለ ጥናቱ ድካምም ጥቂት መናገር ይገባናል። ቁጥር የሚታመነው ሰው እውነቱን ሲናገር ነውና። አንድ ጎልማሳ «ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ?» ተብሎ በሚስቱ ፊት ሲጠየቅ፣ ሦስቱን አንድ ማድረጉ የሚጠበቅ ነው። አንዲት ሴትም ሲጋራ ማጨስዋን ለማታውቀው ሰው መናገር ያሳፍራታል። ስለዚህ ጠያቂዎች ሰውን ለብቻው እንዲጠይቁ፣ በመልሱም እንዳይደነቁና እንዳይገሥጹ ይማራሉ። የመጠጡ መስፈሪያም ራሱን የቻለ ችግር ነው። የውጭ አገሩ መጠይቅ የሚለካው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ባለበት ልክ ነው፤ የእኛ ሰው ግን በጣሳ፣ በብርሌና በመለኪያ ይጠጣል። የአንዱ ቤት ጠላ ከሌላው ቤት ይበረታል፤ አረቄውም እንዲሁ። ጠያቂው የዕቃውን ሥዕል እያሳየ ይህንን ሁሉ ወደ አንድ መስፈሪያ መመለስ አለበት። አባቶቻችን «አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ» እንዳሉት፣ በጥያቄው ቀን የተሸፋፈነ ነገር ኋላ በሐኪም ቤት ተገልጦ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። ቁጥር ሰውን አያድንም። ሚዛን ላይ መውጣት ክብደትን እንደማይቀንስ ሁሉ፣ ጥናት ማድረግም በሽታን አይቀንስም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ሥራ ሲከተለው ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነን በፊንላንድ አገር ያለችው የሰሜን ካሬሊያ ግዛት ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 በዚያች ግዛት የልብ ሕመም ጎልማሶችን ይፈጅ ስለ ነበር፣ ፔካ ፑስካ በሚባሉ ወጣት ሐኪም መሪነት ጥናትና ዘመቻ ተጀመረ። ሕዝቡ በቅቤና በስብ የበዛ ምግብ ይበላ ነበር፤ ብዙ ወንዶችም ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ሐኪሞቹ ከባለ ወተቶች፣ ከባለ መደብሮች፣ ከመምህራንና ከሴቶች ማኅበራት ጋር ሆነው የገበታውን ልማድ ለወጡ፤ በየአምስት ዓመቱም ሕዝቡን ዳግመኛ እየለኩ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ለዩ። ከአርባ ዓመት በኋላ በጎልማሳ ወንዶች ዘንድ በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ከመቶ ከ80 በላይ ቀንሶ ተገኘ። ድጋሚ ልኬት ባይኖር ኖሮ ይህንን ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር።

በአገራችንም ቢሆን ሥራው ፈጽሞ አልተተወም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ የሲጋራ ፓኬት ገጽ ከመቶ 70 እጁ በሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዘዘ፤ የአልኮል መጠጥንም በሬድዮና በቴሌቪዥን ማስታወቅን አስቀረ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ የሚከፈለውን ግብር ከፍ አደረገ። በዚያው በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መኪና የማይሄድበት ቀን ተጀምሮ፣ ሕዝቡ በአደባባይ ሲራመድና ሲሮጥ ታየ። የዓለም መንግሥታትም እስከ 2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በእነዚህ በሽታዎች ያለ ዕድሜው የሚሞተውን ሰው በአንድ ሦስተኛ ለመቀነስ ተስማምተዋል። ይህ ቃል ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን የሚፈርደው ንግግር ሳይሆን ልኬት ነው።

*

እንግዲህ ከእያንዳንዱ አንባቢ የሚጠበቀውን ከዚህ ቀጥለን እንጻፍ።

አንደኛ፤ የጥናት ሠራተኛ ከደጃችሁ በመጣ ጊዜ ማንነቱን የሚገልጸውን ወረቀት ጠይቃችሁ ተመልከቱ፤ ዓላማውንም አስረዳኝ በሉት። ከዚያ በኋላ ከፈቀዳችሁ በደኅና ተቀበሉት። ዕጣው ለሚስት ወይም ለልጅ ቢወጣ የቤቱ ጌታ በቦታቸው አይመልስ።

ሁለተኛ፤ እውነቱን ተናገሩ። አንድ ሰው የደበቀው ነገር በአንድ መዝገብ ውስጥ ጥቂት ይመስላል፤ ሺህ ሰው ሲደብቅ ግን አገር በሐሰት ካርታ ትመራለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል የኖረው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአገርም ነው።

ሦስተኛ፤ ጥናት እስኪመጣ አትጠብቁ። ዕድሜአችሁ ሠላሳ ዓመት ያለፈ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በጤና ጣቢያ ደም ግፊታችሁን አስለኩ። ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡናና ሲጋራ አትቅመሱ፤ ተቀምጣችሁም ዕረፉ። ከፍ ያለ ሆኖ ከተገኘ በሌላ ቀን ዳግመኛ ይለካ እንጂ በአንድ ቀን ልኬት አትደንግጡ፤ ችላም አትበሉ።

አራተኛ፤ ሐኪም መድኃኒት ያዘዘላችሁ ሰዎች፣ ደኅንነት ስለ ተሰማችሁ ብቻ መድኃኒቱን አትተዉ። ደኅንነት የተሰማችሁ መድኃኒቱ ስለሚሠራ ነውና። መተው ካስፈለገም ሐኪሙ ራሱ ይንገራችሁ።

አምስተኛ፤ እመቤቶች ሆይ፣ በርበሬውንና ሽሮውን ስታዘጋጁ ጨው ከገባበት ወጡን ስትሠሩ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ምላስ ልማደኛ ነው፤ በጥቂቱ እየቀነሳችሁ ብትሄዱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ከጎመኑ፣ ከካሮቱ፣ ከፎሶልያው፣ ከሙዙና ከብርቱካኑም በየቀኑ ገበታ ላይ ይቅረብ። እንጀራና ሽሮ መልካም ምግብ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ስድስተኛ፤ በቢሮ ተቀምጣችሁ የምትሠሩ፣ በመኪና የምትሄዱ የከተማ ሰዎች፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ገበሬው በእርሻው፣ እናቶችም በእንጨትና በውኃ ሸክም ይህን ሳያስቡት ይፈጽሙታል። የከተማ ሰው ግን ካላሰበበት አያገኘውም፤ ጥናቱም የደም ግፊትና ከልክ ያለፈ ውፍረት በከተማ እንደሚበዛ አሳይቶአልና።

ሰባተኛ፤ ትንባሆ የጀመረ ይተው፤ ያልጀመረም አይጀምር።

ከላይ በአሳባችን ወደ ተመለከትነው ቤት ተመልሰን ጽሑፋችንን እንፈጽም። በመንግሥት መዝገብ ውስጥ እማማ ስም የላቸውም፤ ከመቶው 16 ከሚባሉት አንዲቱ ናቸው። በቤታቸው ግን ምሰሶ ናቸው፤ እርሳቸው ቢወድቁ እሳቱ ይጠፋል፤ የልጅ ልጆችም ይበተናሉ። ቁጥር ስንጽፍ የምንጽፈው ሰው መሆኑን እኛ የጤና ሠራተኞች እንዳንረሳ እናንተ አስታውሱን። እናንተም በቤታችሁ ያለችው እናት፣ «ምንም አያመኝም» የሚለውም አባት፣ መቼ እንደ ተለኩ በዛሬው ራት ላይ ጠይቁአቸው። መልሱ «ተለክቼ አላውቅም» ከሆነ፣ የነገው ጧት የጤና ጣቢያ ጧት ይሁን።